የዘር ፈሳሽ ላይ ደም ሲታይ የሚሠሩ ስህተቶች

የዘር ፈሳሹ ላይ ደም ያየ ወንድ ከሐኪም ፊት ሲቀርብ ስለ ወገቡ ያወራል፣ ስለ ጨጓራው ያወራል፤ ዋናውን ነገር የሚተነፍሰው ሊወጣ ሲነሣ ነው። ጎጃም ውስጥ በጤና ጣቢያ የሠራ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ዕድሜው ከ40 በታች የሆነ ሰው ደሙን አንድ ጊዜ ቢያይና ሌላ ሕመም ባይኖረው፣ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ወደ ቡናማ ቢያደላም የቆየ ደም ስለሆነ ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ በግምት የሚገዛ መድኃኒት ነው። በገበያ ቀን የመጣ አንድ ገበሬ የጋቢውን ጫፍ ፈትቶ ባዶ የክኒን ማሸጊያዎች ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈ። አንዱን ጀምሮ ደሙ ሲቀር ተወው፤ ሲመለስበት ሌላ ገዛ። ጎረቤቱን ያዳነ ነው አሉ! የጎረቤቱ ሕመም ምን እንደነበር የጠየቀ የለም። ከሽንት ፊኛ ሥር ያለው ፕሮስቴት ዕጢ በተህዋሲ ከተቆጣ ፀረ ባክቴሪያ የሚፈልገው ብዙ ጊዜ ለሳምንታት ነው። ሳይመረመሩ የተዋጠ ክኒን ደግሞ ተህዋሲውን ሳይጨርስ የሽንት ካልቸሩን (ተህዋሲውን አሳድጎ የሚለየውን ምርመራ) ንጹሕ ያስመስለዋል፤ ከዚያ በኋላ እኛም በጨለማ እንዳክራለን።

ሚስትን መወንጀል ሌላው ነው። መንስኤው ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ሁለቱም አብረው ይታከማሉ። ነገር ግን የዕጢ መቆጣት፣ ጠጠር፣ ከፍተኛ የደም ግፊት፣ የደም ማቅጠኛ መድኃኒትም ያደማሉ። ሽማግሌ ከመቀመጡ በፊት ምርመራው ይቅደም። ደሙ ከእርሷ የመጣ መሆኑም በኮንዶም ይለያል።

ደም ማቅጠኛውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው በራሱ ሥልጣን አያቁም።

የት እንደሠሩ መደበቅ፦ ቢልሃርዝያ ከወንዝና ከሐይቅ ውሃ የሚይዝ የትል በሽታ ነው፤ በጣና ዙሪያ የሚታወቀው የአንጀት ነው። የሽንት ፊኛንና የዘር ከረጢትን የሚያጠቃው ዓይነት ያለው በአዋሽ ሸለቆና በሱዳን ድንበር ላይ ባለው በኩርሙክ በኩል ነው። ለቀን ሥራ ቆላ ወርዶ ወንዝ ውስጥ የታጠበ ሰው ይህን ካልነገረን፣ በፕራዚኳንቴል የሚድነውን በሽታ ሌላ ቦታ ስንፈልግ እንከርማለን።

ከ40 በላይ ሆኖ በፊንጢጣ በኩል የሚደረገውን የጣት ምርመራ እምቢ ማለት። ከደቂቃ አያልፍም፤ ወንድነትም አይቀንስም። የፕሮስቴት ካንሰርን ለመጠርጠር የሚረዳው የፒ.ኤስ.ኤ. የደም ምርመራ ደግሞ ኢንፌክሽኑ ሳይበርድ ወይም ግንኙነት በተደረገ ማግስት ከተሰጠ ውጤቱ ከፍ ብሎ ያለ ምክንያት ያስደነግጣል። ከፕሮስቴት የሥጋ ናሙና የተወሰደለት ሰው ግን ለሳምንታት ደም ቢያይ የሚጠበቅ ነው።

ሽንት ከተዘጋ፣ ደም የረጋበት ሽንት ከመጣ ወይም ትኩሳት ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው።