ቀይ ኮከብ ቀዝቃዛው ነው፦ በጠፈር ፋን አርት ላይ ከዋክብትን ስንለይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ማረሻ ሲጋል ያየ ሰው የከዋክብትን ቀለም ግማሹን አውቋል። ብረቱ ፍም ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ይቀላል። ወናፉ ሲበረታበት ብርቱካንማ፣ ከዚያ ቢጫ ይሆናል፤ በመጨረሻ ይነጣል። ኮከብም በዚሁ መንገድ ይሄዳል፤ ከነጭ አልፎ ወደ ሰማያዊ ያደላው በጣም የጋለው ነው። ከደብረ ብርሃንም ሆነ ከመሐል ሜዳ በሚወጡ የፋን አርት ሥዕሎች (አድናቂዎች ከሚወዷቸው የጠፈር ታሪኮች ተነሥተው በሚስሏቸው) ላይ ግን ቀዩ «የሚነደው ኮከብ»፣ ሰማያዊው «የበረዶው ኮከብ» እየተባለ ይጻፋል። እባካችሁ ይህ ይቅር! ቀይ ሙቅ ቀለም፣ ሰማያዊ ቀዝቃዛ ቀለም የሚባለው ሥዕሉ በተመልካቹ ላይ ስለሚያሳድረው ስሜት ነው፤ ኮከቡ ይህን አያውቅም። የቀዩ ኮከብ የቤቴልጉዝ ገጽ ሙቀት 3,500 ኬልቪን (የሙቀት መለኪያ) ገደማ ነው፣ የፀሐይ 5,800፣ የሰማያዊው የራይጅል 12,000። በሰማያዊ ኮከብ ዙሪያ የምትዞር ፕላኔት በበረዶ ብትሸፈን እንኳ ስለራቀች ነው እንጂ ኮከቡ ቀዝቅዞ አይደለም።

ሁለቱን በዓይን ማነጻጸር ይቻላል። በታኅሣሥ አጋማሽ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ጣርማበር ቆማችሁ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ። በመደዳ ከተሰለፉት ሦስት ከዋክብት በስተግራ ያለው ደማቅ ኮከብ ቤቴልጉዝ፣ በስተቀኝ ያለው ራይጅል ነው። ቤቴልጉዝ «ቀይ» ቢባልም እንደ በርበሬ አይቀላም፤ የፍም ዳር ይመስላል። በስልክ ወይም በታብሌት የምትስሉ ለእሱ ቀይ 255፣ አረንጓዴ 196፣ ሰማያዊ 137 አካባቢ ሞክሩ። ለራይጅል 195፣ 209፣ 255 ይበቃል። ፈዛዛ መስሎ ከታያችሁ ልክ ነው፤ ከጥቁሩ ሰማይ ጋር ሲቀመጥ ይጎላል። አረንጓዴ ኮከብ ግን የለም፤ ብርሃኑ ከሌሎቹ ቀለሞች ጋር ተደባልቆ ለዓይናችን ነጭ ይሆናል።

ሁለተኛው ከባድ ስህተት ቀይ ያዩትን ሁሉ «ቀይ ግዙፍ» ማለት ነው። ቀይ ድንክም አለ፤ ቀለማቸው አንድ ነው፣ መጠናቸው አይገናኝም። ፀሐይን በ1 ሚሊሜትር ነጥብ ብትስሏት ቤቴልጉዝ ከ60 ሴንቲሜትር በላይ ወርድ ይፈልጋል። ለፀሐይ ቅርብ የሆነው ኮከብ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ ደግሞ ቀይ ድንክ ነው፤ ወርዱ የፀሐይን አንድ ሰባተኛ ያህላል፣ ያለ ቴሌስኮፕም አይታይም። ስለዚህ ስም ከመስጠታችሁ በፊት አጠገቡ ያለውን ተመልከቱ። ፕላኔቷ ተጠግታው ሰላም ከሆነች ድንክ ነው። ሰማዩን ግማሽ ሞልቶ ዳሩ እንደ ጭስ የሚሳሳ ከሆነ ግዙፍ ነው። ሥዕሉ ፍንጭ ካልሰጠ «ቀይ ኮከብ» ብላችሁ ተዉት።

ነዳጃቸውን የጨረሱ ከዋክብት ቅሪት የሆኑት ነጭ ድንክና ኒውትሮን ኮከብም ይምታታሉ። የመጀመሪያው ምድርን ያህላል። ሁለተኛው ወርዱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፣ ከደብረ ብርሃን እስከ ጫጫ እንደማለት። ሁለት የብርሃን ጨረር እየረጨ የሚሽከረከር ከሳላችሁ ያ ኒውትሮን ኮከብ እንጂ ነጭ ድንክ አይባልም።

በሥዕሎች ላይ ከማንኛውም ኮከብ ዙሪያ የሚወጡት ሹል ጨረሮች ደግሞ የኮከብ ዓይነት መለያ አይደሉም፤ ቴሌስኮፑ ነው የሚፈጥራቸው። ሀብል የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ አራት ያወጣል። ሌላው የጠፈር ቴሌስኮፕ ጄምስ ዌብ ስድስት ትልልቅና ሁለት ትንንሽ ያወጣል፣ ከመስተዋቶቹ ጠርዝና መስተዋት ከሚደግፉት ዘንጎች የተነሣ። በአንድ ሥዕል ውስጥ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ መዞር አለባቸው፤ አንዱ ቀጥ ብሎ ሌላው ካጋደለ የተሳለው ፎቶ ሳይሆን ጌጥ ነው። በጠፈር መንኮራኩር መስኮት በዓይኑ ለሚመለከት ገጸ ባሕርይ ስምንት ጨረር አታድርጉ።

በጨረቃ ቀንዶች መካከል ኮከብ አይገባም፤ ጨለማው ቦታም ራሷ ጨረቃ ናት። አጥቢያ ኮከብ ቬነስ ናት፣ ፕላኔት።

ጅራታም ኮከብም ኮከብ አይደለም፤ በረዶና አቧራ ነው። ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችበትን፣ በዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የታየውን ብርሃን እ.ኤ.አ. በ1456 ከታየው ሃሌይ ከተባለው ጅራታም ኮከብ ጋር የሚያያይዙ ስላሉ በዚህ አካባቢ ሥዕሎች ላይ ቢበዛ ደስ ይላል። ስህተቱ ጅራቱን ሁልጊዜ ከኋላ እንደ አቧራ ማስከተል ነው። ጅራቱ የሚሸሸው ፀሐይን ነው፤ ጅራታሙ ከፀሐይ እየራቀ ሲሄድ ጅራቱ ከፊቱ ይቀድማል። መጀመሪያ ፀሐይዋን አስቀምጡ፣ ከእሷ በጅራታሙ ራስ በኩል የሚያልፍ ቀጭን መስመር በእርሳስ አስምሩ፣ ጅራቱን ከራሱ ወዲያ በዚያው ላይ ሳሉ።