የቻይንኛ ቢትማፕ ፎንት ድረ ገጽ ላይ ሲወጣ የሚያበላሹት ስህተቶች

ቢትማፕ ፎንት ፊደሎቹ በነጥብ የተሳሉ ፎንት ነው። 16 በ16 በሆነው አንድ የቻይንኛ ፊደል ያለው 256 ነጥብ ብቻ ነው። አንድ ረድፍ ከደበዘዘ ሰረዙ የበዛ ፊደል ጥቁር እድፍ ይሆናል። አብዛኞቹ ስህተቶች የሚመጡት የፎንቱ ነጥብና የስክሪኑ ነጥብ ሳይገጣጠሙ ሲቀሩ ነው።

ፋይሉን እንዳለ መስቀል። ብራውዘሮች ቢዲኤፍም ሆነ ፒሲኤፍ የተባሉትን የቢትማፕ ፎንት ፋይል ዓይነቶች አይቀበሉም፤ የፋይሉን ቅጥያ መቀየርም አይረዳም። እያንዳንዱን ነጥብ ወደ ካሬ ቬክተር ለውጦ በዎፍ2 (በድረ ገጽ ፎንት ፋይል ዓይነት) ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ሶፍትዌሩ የቅርጹን ዳር ራሱ ተከትሎ እንዲስል ከተተወ ግን ማዕዘኖቹን ክብ ያደርጋቸዋል። ጂኤንዩ ዩኒፎንት የተባለው ፎንት ተለውጦ የተዘጋጀ ስለሆነ ይህን ድካም ያስቀራል፤ የኢትዮጵያ ፊደልም አለው፣ አማርኛና ቻይንኛ ጎን ለጎን ለሚጽፍ ሰው ይመቻል።

መጠኑን በግምት መስጠት። ትልቁ ጥፋት ይህ ነው። ባለ 16 ፎንት በ16፣ በ32 ወይም በ48 ፒክሰል ብቻ ይጻፍ፤ 18 ከተሰጠው አንዳንዱ ሰረዝ ይወፍራል፣ አንዳንዱ ይደበዝዛል። በሬም (ከገጹ መነሻ የፊደል መጠን አንጻር በሚለካ መለኪያ) መለካትም ወጥመድ ነው፤ መነሻው 16 ፒክሰል ከሆነ 1.1 ሬም ማለት 17.6 ፒክሰል ነው። መጠኑ ልክ ሆኖም ዊንዶውስ ላይ ማጉያው 125 በመቶ ከሆነ 16 ፒክሰል 20 የስክሪን ነጥብ ይሆንና ይበላሻል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ 16ን በፈለጉት ሙሉ ቁጥር አባዝተው ለዲቫይስ ፒክሰል ሬሾ (አንድ ፒክሰል በጎኑ ስንት የስክሪን ነጥብ እንደሚይዝ ለሚነግረው ቁጥር) ያካፍሉ። በ1.25 ማጉያ 25.6 ፒክሰል ቢሰጡት ልክ 32 ነጥብ ላይ ያርፋል።

ርዕስ ላይ የውሸት ቦልድ። ፎንቱ የራሱ ቦልድ ከሌለው ብራውዘሩ ቅርጹን ራሱ ያወፍረዋል፤ በሰረዞቹ መካከል ያለው ባለ አንድ ነጥብ ክፍተት ይደፈናል። በሲኤስኤስ (የገጹን መልክ በሚወስነው ቋንቋ) የፎንት-ሲንተሲስ እሴት «none» ይሁን። ኢታሊክም እንዲሁ።

የዩኒኮድን ቁጥር እንደ አድራሻ መውሰድ። ኤችዜድኬ16 የተባለውን የድሮ የቢትማፕ ፎንት ፋይል በጃቫስክሪፕት አንብበው ካንቫስ (የገጹ መሳያ ቦታ) ላይ የሚስሉ ሰዎች እዚህ ይሳሳታሉ። ፋይሉ የተደረደረው ጂቢ2312 በተባለው የቻይና የፊደል ኮድ ነው፤ ኮዱ ለእያንዳንዱ ፊደል ሁለት ባይት ይሰጣል። ከሁለቱ ባይቶች ከእያንዳንዱ 160 ሲቀነስ ዞንና ቦታ ይገኛል፤ ከዞኑ 1 ቀንሶ በ94 ማባዛት፣ ከቦታው 1 ቀንሶ መደመር፣ ድምሩን በ32 ባይት ማባዛት ነው። ባይቶቹ 176 እና 161 ከሆኑ ዞን 16፣ ቦታ 1፣ አድራሻው 45,120 ይሆናል። ጃቫስክሪፕት በራሱ ጂቢኬን (ጂቢ2312ን ያሰፋውን ኮድ) ያነባል እንጂ አይጽፍም፤ ስለዚህ 8,836ቱን የባይት ጥንዶች አንዴ አስነብቦ የተገላቢጦሽ ሰንጠረዥ መሥራት የግድ ነው። ካንቫሱን በሲኤስኤስ የሚያሳድጉት ከሆነ ኢሜጅ-ሬንደሪንግን «ፒክሰሌትድ» ያድርጉት።

ባህላዊውን ጽሑፍ መርሳት። ጂቢ2312 ያለው 6,763 የቻይንኛ ፊደል ሲሆን የተዘጋጀው ለቀለለው አጻጻፍ ነው። የታይዋን ጽሑፍ ሲገባ የጎደሉትን ብራውዘሩ ከሲስተሙ ለስላሳ ፎንት ይሞላቸዋል፤ መስመሩ ግማሹ ነጥብ፣ ግማሹ ለስላሳ ሆኖ ይታያል።