የልጅን የተቦረቦረ የወተት ጥርስ በጥቂቱ ከፍቶ ማስሞላት፦ ለድሬዳዋና ለሐረር ወላጆች

ድሬዳዋ ውስጥ የልጆችን ጥርስ ሳክም በቆየሁባቸው ዓመታት ከወላጆች በብዛት የሰማሁት ቃል «የወተት ጥርስ ስለሆነ ይነቀልና ይገላገል፤ ምትኩ ይመጣል» የሚል ነው። ምትኩ መምጣቱ እውነት ነው፤ የሚመጣበት ጊዜ ግን ብዙዎች ከሚያስቡት በጣም የራቀ ነው። የፊት የወተት ጥርሶች በ6 እና በ7 ዓመት ገደማ ይወልቃሉ፤ የኋላዎቹ የወተት መንጋጋዎች ግን እስከ 10፣ አንዳንዴም እስከ 12 ዓመት ድረስ ይቆያሉ። ስለዚህ በ5 ዓመቱ መንጋጋው የተቦረቦረ ልጅ በዚያ ጥርስ ገና አምስት ስድስት ዓመት ማኘክ አለበት። ጥርሱ ያለጊዜው ከተነቀለ አጠገቡ ያሉት ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፤ ከሥር የሚመጣው ቋሚ ጥርስም ቦታ አጥቶ ተጣሞ ሊወጣ ይችላል።

ሌላው ስጋት «መሙላት ማለት መሰርሰር ነው፤ ልጄ አይችለውም» የሚለው ነው። ይህ ስጋት የመጣው ከቀድሞው አሠራር ነው። ቀደም ሲል ጥርስ ይሞላበት የነበረው አማልጋም የሚባለው ሜርኩሪ ያለበት የብረት ቅይጥ ከጥርስ ጋር ስለማይጣበቅ፣ እንዳይወድቅ ጤነኛው ክፍል ጭምር ተቆርጦ ማስቀመጫ ይበጅለት ነበር። የወተት ጥርስ ደግሞ የውጭ ልባሱ ስስ፣ ነርቩም ለላይኛው ገጽ ቅርብ ስለሆነ እንዲህ ያለው መቁረጥ በቀላሉ ነርቩን ይነካዋል። ሜርኩሪን በሚመለከተው የሚናማታ ስምምነት ሥር አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2022 ባሳለፉት ውሳኔ መሠረት አማልጋም ለወተት ጥርስና ከ15 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች፣ ሐኪሙ የግድ አስፈላጊ ነው ካላለ በቀር፣ እንዳይውል ተወስኗል። ዛሬ በልጆች ጥርስ ላይ የምንመርጠው የተበላሸውን ብቻ በጥቂቱ አንሥቶ ቀዳዳውን አጥብቆ መድፈን ነው።

ይህ አሠራር ለምን እንደሚሠራ ካልተረዳን «ቆሻሻው በደንብ አልተጠረገም» ብለን መጨነቃችን አይቀርም። ጥርስን የሚበላው በተለምዶ እንደሚባለው ትል አይደለም። አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳር በበሉ ቁጥር አሲድ ያመነጫሉ፤ አሲዱም የጥርሱን ማዕድን ያሟሟዋል። ቀዳዳው በሚገባ ከተደፈነ ከሥር የቀሩት ባክቴሪያዎች የሚመገቡት ስኳር አያገኙም፤ መቦርቦሩም ይቆማል። ለነርቩ በጣም የቀረበውን፣ እንደ ቆዳ ጠንከር ያለውን ቡናማ ክፍል ሐኪሙ ሆን ብሎ ቢተወው ነርቩን ለማዳን ነው እንጂ ሥራውን አጉድሎ አይደለም። ሕክምናው የሚጸናው ግን የቀዳዳው ዳርና ዳር ፍጹም ንጹሕ ሆኖ መሙያው ሲጣበቅ ብቻ ነው።

ከመሄድዎ በፊት በቤት ውስጥ ይመልከቱ። ልጁን በቀን ብርሃን ጭንቅላቱን ጭንዎ ላይ አስተኝተው ከንፈሩን ከፍ ያድርጉ። ከድዱ ጠርዝ አጠገብ ኖራ የመሰለ ነጭ መስመር ካለ ያ የመቦርቦር መጀመሪያ ነው፤ ገና ቀዳዳ ስላልሆነ መሙላት አያስፈልገውም፤ በሐኪም በሚቀባ የፍሎራይድ (ጥርስን የሚያጠነክር ማዕድን) ቫርኒሽና በየቀኑ በሚደረግ ጥሩ መፋቅ ሊመለስ ይችላል። ቡናማ ወይም ጥቁር ሆኖ ምግብ የሚገባበት ጎድጓዳ ካዩ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ቀጠሮ ይያዙ። ከወንጂ ወይም ከመተሐራ አካባቢ ወደ ድሬዳዋ የመጡ ቤተሰቦች አንድ ነገር እንዲያስተውሉ እፈልጋለሁ፦ በስምጥ ሸለቆ ውኃ ውስጥ ባለው ብዙ ፍሎራይድ ምክንያት በትልልቅ ልጆች ቋሚ ጥርስ ላይ የሚታየው፣ በግራም በቀኝም ተመሳሳይ የሆነውና ጥርሱ ጠንካራ እንደሆነ የሚኖረው ቡናማ ቀለም መቦርቦር አይደለም፤ ሊቆፈርም አይገባውም።

ልጁ ማታ ማታ ከእንቅልፉ የሚያስነሣው ሕመም ካለው፣ ድዱ ላይ መግል የያዘች ብጉር ከወጣች ወይም ጥርሱ ካለጊዜው ከተነቃነቀ ነርቩ ታሟል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን ጥርስ ዝም ብሎ መድፈን ሕመሙን ማፈን ስለሆነ የነርቭ ሕክምና ወይም መንቀል ያስፈልገዋል። ጉንጩ ወደ ዓይኑ ወይም ወደ አንገቱ እያበጠ ከሄደ፣ ትኩሳት ካለው ወይም መዋጥ ካቃተው ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ድሬዳዋ ያለ በድል ጮራ ወይም በሳቢያን፣ ሐረር ያለ በሕይወት ፋና ወይም በጁገል ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በዚያው ሰዓት ይድረስ። እስከዚያ ለሕመሙ ፓራሲታሞል በልጁ ክብደት ተለክቶ መስጠት ይቻላል፤ አስፕሪን ግን ለልጅ አይሰጥም፤ ድድ ላይ ማስቀመጡም ሥጋውን ያቃጥለዋል። ከመድኃኒት ቤት በራስ ፈቃድ የሚገዛ አንቲባዮቲክም ቀዳዳውን አይደፍነውም።

ለቀጠሮ ጠዋትን ይምረጡ፤ በተለይ ድሬዳዋ ላይ የቀትሩ ሐሩር ሳይበረታ፣ ልጁ ቁርሱን በልቶና በቂ እንቅልፍ ተኝቶ ሲመጣ ሥራው በግማሽ ይቀላል። «ካስቸገርክ ዶክተሩ መርፌ ይወጋሃል» የሚለውን ማስፈራሪያ ከቤትዎ ያውጡልኝ ብዬ እለምናለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ልጁን የሚያስጮኸው መሣሪያው ሳይሆን ይህ ቃል ነውና። «ምንም አያምህም» ማለትም አይጠቅምም፤ «ሐኪሙ ጥርስህን ቆጥሮ፣ አጥቦ፣ ቀዳዳውን ይደፍነዋል» ይበሉት፤ ይህንንም በቤት በሚናገረው ቋንቋ፣ በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ ወይም በሐረሪ ይንገሩት።

ሐኪሙ ዘንድ ሲደርሱ አራት መንገዶች እንዳሉ ማወቅ ለመነጋገር ይረዳዎታል። የመጀመሪያውና በእኛ አካባቢ ብዙ የሚጠቅመው በእጅ መሣሪያ ብቻ አጽድቶ ግላስ አዮኖመር በሚባል ሲሚንቶ መሙላት ነው። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በታንዛኒያ ተጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት በ1994 የዓለም ጤና ቀን ያስተዋወቀው ነው። መብራት ቢጠፋም ይሠራል፤ የመሰርሰሪያ ድምፅ የለውም፤ ብዙ ጊዜም መርፌ አያስፈልገውም። ሲሚንቶው ከጥርሱ ጋር ራሱ ይጣበቃል፤ ፍሎራይድም ይለቃል።

አሠራሩን ወላጅ ቢያውቀው በጎ ነው ብዬ ስለማምን በዝርዝር ልግለጸው። ሐኪሙ በመጀመሪያ ጥርሱን ከምራቅ ለመለየት በጥጥ ይከባል። የቀዳዳው አፍ ጠባብ ከሆነ በእጅ መሣሪያ ጥቂት ያሰፋውና በትንሽ ማንኪያ መሰል መሣሪያ ለስላሳውን ብስባሽ ይጠርጋል። ጠረጋው ከግድግዳው ይጀምራል፤ ወደ ነርቩ አቅጣጫ ያለው ወለል በመጨረሻ፣ በእርጋታ ይነካል። ከዚያ ቀዳዳው በልዩ ፈሳሽ ለአሥር አሥራ አምስት ሰከንድ ተቀብቶ ይታጠባል፤ በጥጥም ይደርቃል፤ ክው ብሎ እስኪደርቅ ግን አይደለም። ሲሚንቶው ተበጥብጦ እያብረቀረቀ ሳለ ይሞላል፤ ቫዝሊን በተቀባ የጓንት ጣትም ተጭኖ ይቆያል፤ ጭነቱ ሲሚንቶውን በጥርሱ ላይ ወዳሉት ስንጥቆች ጭምር ያስገባዋል። በዚህ ጊዜ ምራቅ ከገባ ሥራው ሁሉ ይበላሻል፤ ስለዚህ ልጁ አፉን ሳይዘጋ እንዲታገሥ እጁን ይዘው ቀስ እያሉ ቢቆጥሩለት ትልቅ እገዛ ነው። ለሙያ ባልደረቦቼ አንድ ቃል ልጨምር፦ ሙቀት የሲሚንቶውን መጠንከር ያፋጥናል፤ የድሬዳዋ ክፍል በሞቀበት ሰዓት መበጥበጫው ካልቀዘቀዘ ሲሚንቶው ቀዳዳው ሳይደርስ ብርቀቱን ያጣና መጣበቁ ይደክማል። መበጥበጫውን ማቀዝቀዝ ተገቢ ነው፤ ጤዛ ግን ሊይዝ አይገባም።

ይህ ዘዴ የሚያምርበት በጥርሱ አንድ ገጽ ላይ ላለ ቀዳዳ ነው። በሁለት መንጋጋዎች መካከል የተቦረቦረ ጥርስ ላይ ግን የሚጸናው ባነሰ መጠን ስለሆነ፣ እኔ ሁለተኛውን መንገድ እመርጣለሁ፦ ሳይሰረሰርና ሳይደነዘዝ የብረት ቆብ ጥርሱ ላይ መግጠም። ይህን ዘዴ ያስለመዱት ኖርና ሆል የተባሉ በስኮትላንድ ይሠሩ የነበሩ የጥርስ ሐኪም ናቸው። ጥርሶቹ ተጠባብቀው ከሆነ በመካከላቸው ትንሽ ጎማ ለጥቂት ቀናት ይገባል፤ ስለዚህ ከሐረር ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ ቤተሰብ ሁለት ጉዞ እንደሚያስፈልገው አስቀድሞ ይወቅ። ቆቡ ሲገጠም ልጁ ንክሻው ከፍ ብሎ ይሰማዋል፤ በሳምንታት ውስጥ ራሱ ይስተካከላል። ቀለሙ ብርማ መሆኑ አንዳንድ ወላጆችን ቅር ያሰኛቸዋል፤ ጥርሱ እስኪወልቅ ድረስ መቆየቱን ሲያዩ ግን ቅሬታው ይቀራል።

ሦስተኛው ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የሚባል ፈሳሽ መቀባት ነው። ገና በጣም ትንሽ ለሆነ፣ አፉን ለማይከፍት ወይም ብዙ ጥርሱ ለተበላሸ ልጅ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከግላስ አዮኖመር ጋር በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። መቦርቦሩን ያቆማል፤ ቀዳዳውን ግን አይሞላም፤ የተበላሸውንም ክፍል ለዘለቄታው ጥቁር ያደርገዋል። ይህ ጥቁረት ሳይነገርዎ ከተቀባ ስለሚያስደነግጥ ቀድመው ይጠይቁ። ለብር አለርጂ ያለው ልጅ አይቀባም፤ አብዛኛውን ጊዜም በየስድስት ወሩ ይደገማል። አራተኛው ኮምፖዚት የሚባል የጥርስ ቀለም ያለው መሙያ ነው፤ መልኩ ያምራል፤ ነገር ግን ፍጹም ደረቅ ጥርስና የሚታገሥ ልጅ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ለፊት ጥርስና ለትልልቅ ልጆች ይሻላል።

ለሐኪሙ ከሚያቀርቧቸው ጥያቄዎች ሁለቱን አይዝለሏቸው። አንደኛው «ነርቩ ጤነኛ መሆኑን በምን አወቁ?» ሲሆን፣ ሁለተኛው «ምን ያህል ጤነኛ ጥርስ ይቆረጣል?» የሚለው ነው። ይህን በትዕግሥት የሚያስረዳዎትን ባለሙያ ይመኑ። ምንም ሳይመረምር አራትና አምስት የወተት ጥርስ በአንድ ቀን ልንቀል የሚል ካጋጠመዎት ግን ሌላ ባለሙያ ያማክሩ።

ልጁ ሲሚንቶ ከተሞላለት በኋላ ለአንድ ሰዓት ምንም አይብላ። ማደንዘዣ ከተወጋ ከንፈሩና ጉንጩ እስኪነቃ ድረስ ይከታተሉት፤ ልጆች የደነዘዘ ከንፈራቸውን እያኘኩ ያቆስሉታል። በቀጣዮቹ ቀናት ጥቂት ሕመም ሊኖር ይችላል፤ ሕመሙ እየባሰ ወይም ማታ እያስነሣው ከሄደ ይመልሱት። ሙሊቱ ቢወድቅ ወዲያው ድጋሚ ያስሞሉ፤ እስከ ቀጠሮው ቀዳዳውን በብሩሽ ማጽዳት እንጂ ጥጥና ቅርንፉድ መጠቅጠቅ መፍትሔ አይሆንም።

ሙሊቱን የሚያቆየው ግን ከሐኪሙ ይልቅ ቤቱ ነው። በዚህ ሙቀት ልጆች ቀኑን ሙሉ ለስላሳና ጁስ ጠጣ ጠጣ ሲያደርጉ ይውላሉ፤ ጥርስን የሚጎዳው ደግሞ ከስኳሩ ብዛት ይልቅ መደጋገሙ ነው። ሐልዋውን ከምሳ ጋር በአንድ ጊዜ የበላ ልጅ፣ እስከ ማታ እየቆነጠረ ከሚበላው ልጅ ያነሰ ጉዳት ይደርስበታል። ለጥማቱ ውኃ ይስጡት፤ ጣፋጭ ወተት የያዘ ጡጦ አፉ ውስጥ ይዞ እንዳይተኛ ያድርጉ። ጠዋትና ማታ ቢያንስ 1000 ፒፒኤም (ppm፣ የፍሎራይዱ መጠን መለኪያ) ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና፣ ከ3 ዓመት በታች በሩዝ ፍሬ ልክ፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት በአተር ፍሬ ልክ እርስዎ ራስዎ ይፋቁለት፤ ልጁም ይትፋው እንጂ በብዙ ውኃ አይጉመጥመጠው። መፋቂያ ጥሩ ልማድ ነው፤ ፍሎራይዱን ግን አይተካም።

ከሐረር ልጇን ይዛ የመጣች አንዲት እናት «የወተት ጥርስ ስለሆነ ንቀሉላት» ብላ የጠየቀችኝ ጥርስ የሰባት ዓመቷ ልጅ ቋሚ መንጋጋ ነበር። ይህ ጥርስ በ6 ዓመት ገደማ ከሁሉም በስተኋላ የሚወጣው ምንም ጥርስ ሳይወልቅለት ነው፤ ስለዚህ መምጣቱ ሳይታወቅ ይቦረቦራል። መለያው ቀላል ነው፦ በእያንዳንዱ ጎን፣ በላይም በታችም፣ የወተት ጥርስ አምስት ብቻ ስለሆነ ከመሐል ጀምረው ሲቆጥሩ ስድስተኛው ቋሚ ነው። ልጅዎ 6 ዓመት ሲሞላው በየወሩ ጣትዎን ከኋላ አስገብተው ይዳብሱ፤ አዲስ ጉብታ ሲያገኙ የጥርሱ ጎድጓዳ ስንጥቆች ሳይበላሹ በዚያው ሲሚንቶ እንዲደፈኑለት ይውሰዱት።