የባሕር ዳር የበዓል ገበያ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የፋሲካ ዋዜማ መቼም ከቅዳሜ አይወጣም፤ የባሕር ዳር ትልቁ ገበያም የሚቆመው ቅዳሜ ነው። ቀዳም ሹር ዕለት ከገበያው የሚወጣው መንገድ ሁሉ ይታፈናል። ባጃጁ በግ ጭኖ፣ እናቶች ዶሮ ታቅፈው፣ ልጆች ግንባራቸው ላይ ቄጤማ አስረው ይተላለፋሉ። እኔም እዚያ መሐል አለሁ። በዚህች ከተማ ከሃያ ዓመት በላይ በዓል ሸምቻለሁ። ከታች የምጽፋቸውን ስህተቶች አብዛኞቹን ሠርቻቸዋለሁ፣ አንዳንዶቹንም ሁለት ጊዜ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ባሕር ዳር የክልል መቀመጫ ብትሆንም ገበያዋ የመንደር ጠባይ አለው። ዛሬ ሽንኩርት የሸጠችልዎትን ሴት ከነገ ወዲያ ሰርግ ላይ ያገኟታል። ብዙው ስህተት የሚመጣው ይህን ረስቶ እንደ መንገደኛ ከመገበያየት ነው።

ሁሉንም ለዋዜማ ማቆየት

የበዓል ዕቃ ሁሉ የየራሱ ቀን አለው። ጠላ ለመጥመቅ ያሰበ ሰው ዋዜማ ላይ ጌሾ ቢገዛ ምን ያደርግለታል? ብቅሉ እስኪደርስ፣ ጥንስሱ እስኪብላላ፣ ድፍድፉ ተበጥብጦ እስኪጠል ቢያንስ አሥር ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ ጌሾ የሚገዛው በዓሉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ዘጌን በቡናው ብቻ የሚያውቁት ካሉ ጌሾዋንም ይጠይቁ፤ በሐይቁ ተሻግሮ ይመጣል።

በርበሬም እንዲሁ ነው። ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም አካባቢ የሚመጣውን ዛላ በርበሬ ገዝቶ፣ ቀንጥሶ፣ አስጥቶ፣ ከቅመሙ ጋር አዋሕዶ ወፍጮ ቤት ለመሰለፍ ጊዜ ያስፈልጋል። ሲገዙ ዛላውን ጆሮዎ አጠገብ ያንቀጫቅጩት። ደረቅ ከሆነ ፍሬው ውስጥ ይንኳኳል። ድምፅ የሌለው፣ እጅ ላይ ለስለስ የሚል በርበሬ እርጥበት አለው፤ ሚዛን ላይ ይከብዳል፣ ቤት ገብቶ ይሻግታል። የተፈጨውን ከማያውቁት ሰው መግዛትማ ያለ ምስክር መፈረም ነው። ምን እንደተቀላቀለበት ቀለሙ አይነግርዎትም።

ሽንኩርት ከፎገራና ከቆጋ መስኖ ስለሚመጣ እኛ ከሌላው ከተማ ዕድለኞች ነን፤ ቢሆንም በዋዜማው ዋጋው ልጓም የለውም። ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ዘርግተው ካስቀመጡት ከአንድ ሳምንት በላይ ይቆያል። ዶሮ ሦስት አራት ቀን ቀደም ብሎ ቢገዛ ጎረቤትን በጩኸቱ ከማስቆጣት በቀር ችግር የለውም። ላባው ያታልላል፤ ደረቱን ዳሰው ይዩት። አጥንቱ እንደ ቢላ ስለት እጅዎን ከነካው በቁመቱ አይታለሉ።

ታዲያ ለዋዜማ ምን ይቀራል? ቄጤማ፣ ለእንቁጣጣሽ አደይ አበባ፣ እና ዓሣ። ቄጤማ ቀድሞ ከተገዛ ይጠወልጋል። ዓሣ ከተገዛ በዚያው ቀን መሠራት አለበት። ቀረሶ ይሁን አምባዛ፣ ዓይኑ የጠራና ያልሰረጎደ፣ ስንጥቡ ደም የመሰለ መሆን አለበት። በጣትዎ ሲጫኑት ጎድጉዶ የሚቀር ሥጋ አድሮበታል ማለት ነው። ዓሣ ገበያ ከሄዱ ጠዋት ይሂዱ፤ ፀሐይ ከበረታ በኋላ እዚያ ያለው ሽታ ራሱ ይመልስዎታል።

ቅቤና ማርን በዓይን መግዛት

አንድ የገና ዋዜማ ደንበኛዬን ትቼ፣ ዋጋ ሰበር ካደረገልኝ ከማላውቀው ሰው ሁለት ኪሎ ቅቤ ገዛሁ። ኮባ ላይ ተዘርግቶ ሲያዩት እንከን የለውም፤ ቢጫው ያምራል፣ ሽታውም ለጋ ነው። ማታ ላነጥር ስጥደው መንጨርጨር ጀመረ፤ ውኃው አላልቅ አለ። ድስቱ ሥር የቀረው ነጭ አተላ ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ባለቤቴ ሙዝ ነው ይላል። ዶሮው ተበልቷል፤ የቅቤው ነገር ግን አልተወራም።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ አደርጋለሁ። በዓሉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሩብ ኪሎ ብቻ እገዛለሁ። ቤቴ አነጥረዋለሁ። ውኃና አተላው ትንሽ ከሆነ ተመልሼ የቀረውን ከዚያው ሰው እወስዳለሁ። ስገዛም ከላይ ያለውን አልቀምስም፤ ክምሩን ከመሐል ሰንጥቃ እንድታሳየኝ እጠይቃለሁ። የሚተማመን ነጋዴ በዚህ አይቀየምም። የምትቀየም ከሆነ መልሱን አገኙት። ለጋ፣ መካከለኛ፣ በሳል የሚለውን ደግሞ አስቀድመው ይወስኑ፤ ለዶሮ ወጥ በሳሉን የሚወድ አማት ያለው ሰው ለጋ ይዞ ቢገባ ጥፋቱ የነጋዴው አይደለም።

ማርን በተመለከተ፣ ውኃ ውስጥ ጣል አድርገው፣ ወረቀት ላይ ቀብተው፣ ክብሪት ለኩሰው የሚመረምሩ ሰዎች አይቻለሁ። እነዚህ ዘዴዎች ስኳር የተቀላቀለበትን ማር በእርግጠኝነት አይለዩም። የረጋ ማርን «ስኳር አለበት» ብሎ መመለስም ስህተት ነው፤ ንጹሕ ማርም በራሱ ይረጋል። የሚሻለው ጊዜውን ማወቅ ነው። አደይ ካበበ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ማር ይቆረጣል፤ ለገና ጠጅ የሚጥል ሰው ያኔ ከሚያውቀው አናቢ ቢገዛ ዋዜማ ላይ ክብሪት አይለኩስም።

በጉን በሆዱ መመዘን

ሆዱ የተነፋ በግ የሰባ በግ አይደለም። ሌሊቱን ጨው አልሶ ጠዋት ውኃ እስኪጠግብ ማጠጣት የቆየ ብልሃት ነው። እጅዎን ወገቡ ላይ ያሳርፉ፤ የጀርባው አጥንት ጫፍ ጫፉ የሚቆጠር ከሆነ ሆዱ ውኃ ነው። ከዚያ ላቱን ይያዙ። ጥርሱንም ከፍተው ይዩ፦ ፊት ለፊት ሁለት ትልልቅ ጥርሶች ካወጣ ዓመት አልፎታል፣ አራት ከሆኑ ወደ ሁለት ዓመት ይጠጋል። አፍንጫው የሚዝረበረበውንና የሚያስለውን በርካሽ ቢሰጡዎትም አይንኩት።

ዋጋ ሲጠሩ ይጠንቀቁ። በእኛ ገበያ ጠርቶ መሄድ ነውር ነው። «አምስት ሺህ ዝቅ አድርግልኝ» ብለው፣ ሰውየው ተጨንቆ እሺ ካለ በኋላ «እስቲ ዞር ዞር ብዬ ልምጣ» ቢሉት ሲመለሱ ፊቱን አያገኙትም። ለመግዛት ካልቆረጡ ዋጋ አይጥሩ፤ መጠየቅ ግን ነፃ ነው።

የበዓላትን መደራረብም ያስቡ። በ2015 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 8፣ ዒድ አልፈጥር ሚያዝያ 13 ነበር፤ አምስት ቀን ብቻ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ በረት በግ ሲፈልግ ዋጋው ወዴት እንደሚሄድ ግልጽ ነው። እንደዚህ ባለ ዓመት ቀድሞ ገዝቶ ግቢ ውስጥ ማሰር ያዋጣል።

ቅርጫ ሲገቡ ዝርዝሩን አለመነጋገር

የበሬው ዋጋ ላይ ሁሉም ይስማማል። ጠቡ የሚነሳው በጭንቅላቱ፣ በጨጓራውና በምላሱ ነው። እነዚህ ወደ መደቡ ይገባሉ ወይስ ለአራጁ ይሰጣሉ? ያልመጣ ሰው ዕጣውን ማን ያወጣለታል? ሥጋው ከመውረዱ በፊት ይነገር። እኛ ሰፈር አንድ ዓመት በአንድ ምላስ ምክንያት ሁለት ጎረቤቶች እስከ ጥምቀት ሳይነጋገሩ ቆዩ፤ ምላሱን የበላው ደግሞ ከሁለቱም አንዱ አልነበረም።

ቆዳውን በተመለከተ አንድ ምክር ብቻ። ድሮ «ቆዳ ያለው» እያለ የሚዞረው ሰው ገና ደሙ ሳይደርቅ በር ያንኳኳ ነበር። አሁን ዋጋው ወድቆ ብዙ ቆዳ መንገድ ላይ ተጥሎ ይታያል። ገዢ ካለ ወዲያው ጨው ያስነስንሱበት፤ ከሌለ ይቀበር። ቆዳና ፈርስ ሐይቁ ዳር መጣል ግን ይቅርብን። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ጣናን ያስጨነቀው እምቦጭ የሚፋፋው ውኃው ውስጥ በሚገባው እንዲህ ባለ ቆሻሻ ጭምር ነው።

ልብስ ሰፊን ማመን

አጭር ነው፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «ሐሙስ ውሰጂ» ካለ ሐሙስ ገና አልተቆረጠም። ለበዓሉ የሚፈልጉትን ቀሚስ በዓሉ ከቀኑ አሥር ቀን ቀድሞ እንደሚውል አድርገው ይቅጠሩ።

የባዛር ቅናሽ

በዓል ሲደርስ ሙሉዓለም የባህል ማዕከልን በመሳሰሉ ቦታዎች ባዛር ይከፈታል። ድምፅ ማጉያው ይጮኻል፣ መግቢያ ይከፈላል፣ ልጆች ፊኛ ያስገዛሉ። ለመዝናናት ጥሩ ነው፤ እኔም እሄዳለሁ። ማሩንና የሸማኔ ሥራውን መግዛትም ይቻላል። ምጣድና ማቀዝቀዣ ግን አልገዛም። ቅናሽ የተባለው ዋጋ ከመሐል ከተማው ሱቅ ጋር ሳይነጻጸር ቅናሽ አይባልም። ከዚህም በላይ ምጣዱ በአምስተኛው ቀን ሲቃጠል ሻጩ ድንኳኑን ነቅሎ ሌላ ከተማ ገብቷል። የሰፈርዎ ባለሱቅ ሁለት መቶ ብር ቢጨምርብዎትም በዓሉ ሲያልፍ እዚያው መደርደሪያው ሥር ቆሞ ያገኙታል።

መሶብና ስፌት ሲፈልጉም ለማስታወሻ ዕቃ መሸጫዎች ብቻ አይሩጡ። የደንገል ታንኳ በመሥራት የሚታወቁት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ሴቶች የሚሠሩት ስፌት አለ፤ ከሠሪዋ እጅ ቢገዙ ገንዘቡ ለሠራተኛዋ ይደርሳል፣ የሚፈልጉትን መጠንም ማዘዝ ይችላሉ።

«ላክሁ» ያለውን ማመን

ይህ ለሻጮች ነው። በዋዜማው ግርግር ገዢው ስልኩን ፊትዎ ዘርግቶ «ይኸው ተላከ» ይላል። ያሳየዎት ምስል የትናንት ሊሆን ይችላል፤ የተቀነባበረም ሊሆን ይችላል። ገንዘብ የሚረጋገጠው በራስዎ ቴሌብር ወይም ባንክ ሒሳብ ላይ በመግባቱ እንጂ በሰው ስልክ ላይ በመታየቱ አይደለም። ኔትወርክ ከሌለ ዕቃው ይቆይ። አንዲት የማውቃት ባለ ሸቀጥ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ በዚህ መንገድ የሦስት ሰው ሒሳብ አጥታለች፤ ሦስቱም ትሑቶች ነበሩ አለችኝ። ገዢዎችም ጥቂት ጥሬ ብር ይያዙ፤ ቄጤማ የምትሸጥ ልጅ በስልክ አትቀበልም። ሁለት መቶ ብር ሲቀበሉ ደግሞ ወደ ብርሃን አንሥተው ይዩት፤ ማንም አይቀየምም።

ጥርን መርሳት

ገና ላይ ኪሱን አራግፎ የጨረሰ ሰው ጥር ሲገባ ይደነግጣል። በእኛ አገር ጥር የወር ሙሉ በዓል ነው፦ ከተራ 10፣ ጥምቀት 11፣ ቃና ዘገሊላ 12፣ ሰባር ጊዮርጊስ 18፣ አስተርዮ ማርያም 21፤ እንጅባራ ላይ ደግሞ በ23 የአገው ፈረሰኞች። ዘመድ ከአዲስ አበባም ከጎንደርም የሚመጣው በዚህ ወር ነው።

ቀን መቁጠርም ያሳስታል። ገና በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ይውላል፤ በ2016 ዓ.ም. እንዲያ ነበር፣ በ2020ም ይደገማል። «ለ29 አድርስልኝ» ብሎ የተዋዋለ ሰው በዓሉ ካለፈ በኋላ ዳቦ ይቀበላል።

እንግዶችዎን በጀልባ ወደ ገዳማት የሚወስዱ ከሆነ ጀልባውን አስቀድመው ይነጋገሩ፣ ጠዋትም ይነሡ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ሞገዱ ያስቸግራል። የሕይወት ጃኬት የሌለውን ጀልባ አይሳፈሩ። ክብራን ገብርኤል ሴቶች አይገቡም። ይህን ሳይጠይቁ መላ ቤተሰቡን ጭነው ሄደው እናትና እኅታቸውን ጀልባ ላይ ያስቀመጡ ሰዎች አውቃለሁ። ለቤተሰብ የዘጌዎቹ ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ይሻላሉ። ከተራ ዕለት ደግሞ ታቦታቱ ከሰዓት በኋላ ሲወጡ መንገዱ ስለሚዘጋ ከባጃጅ ምንም አይጠብቁ፤ ሸመታዎን በጠዋት ይጨርሱ።

ከበዓሉ በኋላ መጥፋት

ከበዓል ቀጥሎ ያለው ቅዳሜ ገበያው ጭር ይላል። ያልተሸጠ በግ ይገኛል፣ ዶሮውም ይረክሳል፣ ነጋዴውም ለመጫወት ጊዜ አለው። ብዙ ሰው ግን እስከሚቀጥለው ዋዜማ አይታይም፤ ከዚያ መጥቶ «ለደንበኛ እንዲህ ይባላል?» ብሎ ይቆጣል።

ያን የውኃ ቅቤ ካነጠርኩ በኋላ ለሁለት ወር ያህል በደንበኛዬ በኩል ማለፍ አፍሬ በሌላ መንገድ እዞር ነበር። አንድ ቅዳሜ ግን ፊት ለፊት ተገጣጠምን።

«ጠፋሽሳ!» አለችኝ፣ ኮባውን እየገለጠች።

«ምን እባክሽ እትየ፣ ለገና ከሌላ ሰው ገዝቼ ነበር።»

«ሰምቻለሁ» አለች። ማን እንደነገራት አልጠየቅኋትም። ግማሽ ኪሎ መዘነችልኝ፤ ከዚያ ከመሐሉ እፍኝ የምታህል ቆርሳ ምርቃት ጨመረችልኝ።