ሮው ፎቶን በዳርክቴብል፦ የሐዋሳ ሐይቅን ብርሃን ሳያቃጥሉ ማዘጋጀት

ጠዋት ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል የተነሳ ፎቶ የሮው ፋይልን (ካሜራው ሳያስጌጥ የሚያስቀምጠውን ጥሬ ፎቶ) አቅም በደንብ ይፈትናል። የአባ ኮዳው (የትልቁ ወፍ) ነጭ ደረት፣ ፀሐይ ያረፈበት ውሃና ጥላ ውስጥ ያለው የዓሣ አጥማጅ ፊት በአንድ ፍሬም ይገባሉ። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ይይዛል፤ 14 ቢት ሮው ግን 16,384። ፊቱን ከጥላ ማውጣት የሚቻለው በዚህ ትርፍ ነው። የተቃጠለ ነጭ ግን ሮው ቢሆንም አይመለስም፤ ስለዚህ ሲያነሱም ሲሠሩም መጀመሪያ ነጩን ይዩ።

ዳርክቴብል የሮው ፎቶ ማረሚያ ፕሮግራም ነው፤ በነጻ ይገኛል። ፎቶው ሲከፈት ካሜራው ላይ ካዩት ደብዘዝ ቢል አይደንግጡ፤ ካሜራው የሚያሳየው ራሱ አስጊጦ ያወጣውን ጄፔግ ነው። ምንም ሳይነኩ ሺፍትና ኦን ይጫኑ፤ ሴንሰሩ ሞልቶ የፈሰሰበት ቦታ በቀለም ይለያል። ምልክቱ የውሃው ብልጭታ ላይ ብቻ ከሆነ ይለፉት። ደረቱ ላይ ከተዘረጋ ግን ላባው የለም፤ ሌላ ፍሬም ይምረጡ።

ነጩ ወደ ሮዝ ካደላ፣ ሦስቱም ቀለሞች እኩል ሞልተው ሳለ ዋይት ባላንሱ (ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲታይ ቀለሞቹን የሚያመጣጥነው) ቀዩንና ሰማያዊውን አብዝቷቸዋል፤ አረንጓዴው ወደ ኋላ ቀርቷል። ሃይላይት ሪኮንስትራክሽን በሚባለው ሞጁል (የፕሮግራሙ አንድ መሣሪያ) ውስጥ ክሊፒንግ ትሬሽሆልዱን (ሞልቷል የሚባልበትን ወሰን) ሮዙ እስኪጠፋ በትንሽ በትንሹ ይቀንሱ።

ቀጥሎ ኤክስፖዠር (የብርሃኑ መጠን)። ለፊቱ ብቻ እያዩ ከ0.5 እስከ 1 ስቶፕ (1 ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ያደርጋል) ይጨምሩ፤ ደረቱ አብሮ ቢነጣ ለጊዜው ይተዉት። ከዚያ ፊልሚክ አርጂቢ (ሰፊውን የብርሃን ልዩነት ስክሪን ሊያሳየው ወደሚችለው የሚያጠበው ሞጁል) ውስጥ ዋይት ሪላቲቭ ኤክስፖዠርን ላባው እስኪታይ ከፍ ያድርጉ። ሲግሞይድ የሚባለው ሞጁል በርቶ ከሆነ ያጥፉት፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ሥራ ስለሚሠሩ አብረው ሲበሩ ፎቶው ይበላሻል።

ቀለሙን ከለር ካሊብሬሽን ሞጁል ላይ ያስተካክሉ፤ የዋይት ባላንስ ሞጁሉ ካሜራ ሪፈረንስ ላይ ይቆይ። ሁለቱንም ከነኩ እርማቱ ይደራረባል። በፒከሩ (ከፎቶው ላይ ቀለም መምረጫው) ሲሚንቶ ወይም ግራጫ ድንጋይ ይምረጡ እንጂ የተቃጠለ ነጭ አይንኩ፣ የቀለሙ መጠን እዚያ ውሸት ነው። ሐይቁ ዳር ካሉት ዛፎች ሥር የተነሳ ፊት ከቅጠሉ አረንጓዴ ይጋባበታል፤ እሱን በማስክ (እርማቱን በተመረጠ ቦታ ብቻ በሚወስነው) ለብቻው ያርሙ።

ኖይዝ (ፎቶው ላይ የሚታየው ነጠብጣብና ቅንጣት) በመጨረሻ ይምጣ፣ 100 ፐርሰንት አጉልተው እያዩ። የቀለም ነጠብጣቡን ያጥፉ፤ ደቃቁ ቅንጣት ግን ቢቀር ይሻላል። ቆዳን ፕላስቲክ ማስመሰል ከኖይዝ ይብሳል።

ኤክስፖርት ሲያደርጉ የቀለም ፕሮፋይሉ ኤስአርጂቢ (የተለመደው የስክሪን ቀለም)፣ የጄፔጉ ጥራት 95 ይሁን። ለ20 በ30 ሴንቲሜትር ህትመት በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚታተም ነጥብ) ረጅሙ ጎን 3,543 ፒክስል ይሁን። በቴሌግራም የሚልኩ ከሆነ በፋይልነት ይላኩ፤ በፎቶነት ሲላክ ይጨመቃል።

ወደ ፍላሽ ሲገለብጡ ከሮው ፋይሉ ጎን ያለችውን ትንሿን ኤክስኤምፒ ፋይል አይርሱ። የሠሩት እርማት በሙሉ የተጻፈው እሷ ላይ ነው፤ ከሌለች ሌላ ኮምፒውተር ላይ ፎቶው እንዳልተነካ ሆኖ ይከፈታል።