ያለ ምርኩዝ ዴካትሎን፦ በጅማ ሜዳ ላይ እንዴት እንደምናዘጋጀው

በመጀመሪያው ዓመት ሽልማቱን ላላሸነፈ ልጅ ሰጠሁት። ሽልማቱ የጅማ በርጩማ ነበር፤ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ ባለ ሦስት እግር። ልጁ በርጩማውን ተሸክሞ ቤቱ ገባ። እኔ ማታ ቁጭ ብዬ ነጥቡን ደግሜ ስደምር ላብ አጠመቀኝ። አንደኛ ለወጣ አንድ፣ ሁለተኛ ለወጣ ሁለት እያልኩ በደረጃ ነበር የደመርኩት። ዴካትሎን፣ አንድ ሰው በሁለት ቀን በአሥር ዓይነት ሩጫ፣ ዝላይና ውርወራ የሚፎካከርበት ውድድር፣ እንደዚያ አይቆጠርም፤ እያንዳንዱ ሰዓትና ርቀት በቀመር ወደ ነጥብ ይቀየራል።

የስፖርት መምህር ነኝ። ለተማሪዎቼ አትሌቲክስ ማለት አምስት ሺህና አሥር ሺህ ነው። ዴካትሎንን ያስወደደኝ ጀርመናዊው ኒክላስ ካውል ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ዶሃ ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና የመጀመሪያው ቀን ሲያልቅ ከመሪዎቹ ርቆ ነበር። በሁለተኛው ቀን የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤቱ ኬቨን ማየር ተጎድቶ ወጣ። ካውል ጦሩን 79.05 ሜትር ወረወረ፤ ከዚያ 1500 ሜትርን በ4፡15.70 ጨረሰ። 8691 ነጥብ፣ በ21 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን። ከእሱ ያነሰ ዕድሜ ያለው ሰው በዴካትሎን የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ አያውቅም። የሚያሠለጥኑት ወላጆቹ ናቸው። የተማረውም ለፊዚክስና ለስፖርት መምህርነት ነው፤ ስለዚህ የሙያ ባልደረባዬ ነው እላለሁ፣ ተማሪዎቼ ይስቁብኛል።

አሁን ወደ ሥራው። ጊዜው ጥር ይሁን። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ግማሹ ልጅ ቅዳሜና እሁድ ቡና ለቀማ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ደግሞ የጅማ ዝናብ ሜዳውን ጭቃ ያደርገዋል። ሁለት ተከታታይ ቀን ያዙ። ቅደም ተከተሉን አትንኩ። የመጀመሪያው ቀን፦ 100 ሜትር፣ ርዝመት ዝላይ፣ አሎሎ፣ ከፍታ ዝላይ፣ 400 ሜትር። ሁለተኛው ቀን፦ 110 ሜትር መሰናክል፣ ዲስከስ፣ ምርኩዝ ዝላይ፣ ጦር፣ 1500 ሜትር። በየመካከሉ ቢያንስ ሠላሳ ደቂቃ ዕረፍት ስጡ።

ምርኩዝ ዝላይን እኛ እንተወዋለን። ፍራሽ ከሌለ የልጅ አንገት ነው የሚሰበረው። ከፍታ ዝላይም በመቀስ ስልት ብቻ፣ በእግር መውረድ ነው። በቴሌቪዥን እንዳዩት በጀርባዬ ልውደቅ የሚል አይጠፋም፤ እሱን ቁጭ አድርጉት። ለአሎሎ ድንጋይ መርጠን ቡና ነጋዴ ሚዛን ላይ እናስቀምጣለን፣ አምስት ኪሎ። ዲስከሱን በርጩማ ጠራቢ ከዋንዛ ሠራልን። ጦሩ ቀርቀሃ ነው፣ ጫፉ ላይ የጎማ ቁራጭ ታስሮበታል። መሰናክሉ ካርቶን ላይ የተጋደመ ቀጭን እንጨት ነው፤ ሲነካ ይውደቅ፣ ልጁን አይጣለው። በእንዲህ ዓይነት ዕቃ የሚገኘው ነጥብ ከካውል ነጥብ ጋር አይወዳደርም፤ እርስ በርስ ግን ያወዳድራል።

ነጥቡ ላይ ጊዜ ስጡ፣ እኔ የወደቅኩት እዚህ ነው። ስልካችሁ ላይ ፓወር የሚሠራ (xʸ ቁልፍ ያለው) ካልኩሌተር ይበቃል። ለ100 ሜትር ከ18 ላይ የልጁን ሰዓት ቀንሱ። 13 ሰከንድ ከሮጠ 5 ይቀራል። 5ን ፓወር 1.81 አድርጉ፣ በ25.4347 አባዙ። ከዴሲማል ነጥቡ በኋላ ያለውን ጣሉት፤ 468 ነው። በእጅ ሰዓት ከያዛችሁ ግን አስቀድማችሁ 0.24 ሰከንድ ጨምሩበት። ለ1500 ሜትር ሰዓቱን ወደ ሰከንድ ለውጡና ከ480 ቀንሱ፤ የቀረውን ፓወር 1.85 አድርጋችሁ በ0.03768 አባዙ። አምስት ደቂቃ የሮጠ 560 ያገኛል፤ 4፡50 የሮጠ 619።

እስቲ አስተያዩት። 1500 ላይ አሥር ሰከንድ መፍጠን 59 ነጥብ ነው። 100 ላይ ከ13 ወደ 12 መውረድ 183 ነጥብ ነው። የኛ ልጆች በ1500 ይተማመናሉ፣ ልክም ናቸው። ግን አሎሎና አጭር ሩጫ ካልተለማመዱ ያ ትንፋሽ ብቻውን አያድናቸውም። ካውልም በትንፋሹ ብቻ አላሸነፈም፤ ጦሩ ለብቻው ከ1000 በላይ ነጥብ አስገኝቶለታል።

ሕጉን ከመነሻው በፊት አንብቡላቸው። ሦስቴ ሞክሮ ያልተሳካለት ዜሮ ይይዛል እንጂ ይቀጥላል። አንዱን ውድድር ጭራሽ ሳይጀምር የቀረ ግን ከቀሪዎቹም ይወጣል። «ቲቸር፣ ዲስከሱን ልዝለለውና ጦሩን ልወርውር» የሚል አለ፤ አይሆንም በሉት። ያለ ጊዜው የሚነሳ ካለ የዩርገን ሂንግሰንን ታሪክ ንገሩት። የዓለም ክብረ ወሰን የነበረው ጀርመናዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ሴኡል ኦሊምፒክ ላይ በመጀመሪያው 100 ሜትር ሦስቴ ቀድሞ ተነሳና ተባረረ። ለዚያ የዓመታት ልምምድ!

የተጎዳን ልጅ አታባብሉ። ካውል ራሱ በቶኪዮ ኦሊምፒክ 2.11 ከዘለለ በኋላ እግሩ ታመመ። 400 ሜትሩን ጀምሮ መሃል ላይ አቆመ። በዓመቱ ሙኒክ ላይ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነ፤ አሁንም በጦርና በ1500 ነው መሪውን የያዘው።

1500 ሜትሩ መጨረሻ ላይ ውሃ የያዙ ሁለት ጠንካራ ልጆች አቁሙ። እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ ጀርመናዊው ቪሊ ሆልዶርፍ ወርቁን በ45 ነጥብ ልዩነት ሲያገኝ መስመሩን አልፎ ተዝለፍልፎ ወድቋል። በማግስቱ አበበ ቢቂላ እዚያው ማራቶኑን አሸነፈና ሜዳው ላይ ጅምናስቲክ ሠራ። ይህን ስነግራቸው ሁሉም እንደ አበበ እጨርሳለሁ ይላል። አብዛኞቹ እንደ ሆልዶርፍ ነው የሚጨርሱት።

ያንን በርጩማ ልጠይቅ ልጁ ቤት ሄጄ ነበር። እናቱ ቡና አፍልተው ጠበቁኝ፣ የተቀመጥኩትም በዚያው በርጩማ ላይ ነው። ሦስተኛውን ስኒ ጠጥቼ ምንም ሳልናገር ወጣሁ። ለትክክለኛው አሸናፊ ከኪሴ ሌላ ገዛሁ።