ሂቢስከሱን ተዉት፦ ለሌይ አበባና ቅጠል ሲመረጥ የሚሠሩ ስህተቶች

ሌይ የሃዋይ ሰዎች አንገታቸው ወይም ራሳቸው ላይ የሚያጠልቁት የአበባ ጉንጉን ነው። በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ለተመራቂ ማጥለቁ ስለተለመደ፣ የምረቃ ወቅት ሲደርስ ቤቱ ልሥራው የሚል ሰው ይበዛል። መርፌና ክሩ አያስቸግርም፤ ዶቃ የሰካ ሰው ሁሉ ይችለዋል። ሥራው የሚበላሸው ገና አበባው ሲመረጥ ነው። ሌይ ላይ ያለ አበባ ውኃ አያገኝም። ማስቀመጫ ውስጥ ሳምንት የሚከርም አበባ አንገት ላይ ከወጣ ምሳ ሰዓት ላይደርስ ይችላል።

ሂቢስከስ መሰካት

ትዕግሥት የሚያስጨርሰው ይኼ ነው። የቱሪስት ሸሚዝ ላይ ታትሞ ያየ ሁሉ ሃዋይ ማለት ሂቢስከስ ይመስለዋል። ቢጫው አገር በቀል ሂቢስከስ ከ1988 ጀምሮ በሕግ የግዛቲቱ አበባ መሆኑ እውነት ነው፤ ለክር ግን አልተፈጠረም። የብዙዎቹ ሂቢስከሶች ዕድሜ አንድ ቀን ነው፤ ጠዋት ይፈካሉ፣ ማታ ይጠቀለላሉ። የአበባው ቅጠል እንደ ሶፍት ስስ ነው። ክር ላይ ጎን ለጎን ሲጫን ይቀደዳል፣ ጣት የነካው ቦታ ይጠቁራል፣ ከዚያም ቀለሙን ልብስ ላይ ይለቃል። ማለዳ 40 ሂቢስከስ ሰክታችሁ ብትወጡ፣ የልጁ ስም ተጠርቶ መድረክ እስኪወጣ ድረስ የያዛችሁት የታሸ ጨርቅ ሆኗል። ሂቢስከስ ጆሮ ሥር አንድ ፍሬ ይሰካል፤ በቃ።

«ኢሊማ የሚባለው አበባስ የሂቢስከስ ዘመድ አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ነው፣ ቤተሰባቸው አንድ ነው፤ የኦዋሁ ደሴት ሌይም የሚሠራው ከኢሊማ ነው። ግን ለአንድ ዙር ብቻ ከ500 እስከ 1,000 አበባ ይፈጃል፣ በማለዳ ይለቀማል፣ ያው በዕለቱ ይደረጋል። ጀማሪ የሚነካው ነገር አይደለም።

የማታውቁትን አበባ ከመግዛታችሁ በፊት ፈትኑት። ሦስት ፍሬ ቁረጡና ያለ ውኃ ጠረጴዛ ላይ ለስድስት ሰዓት ተዉት። ከሦስቱ አንዱ አንገቱን ከደፋ ሌላ ፈልጉ። ሃይድራንጂያ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይወድቃል። ዴንድሮቢየም ኦርኪድ፣ ካርኔሽን እና ቦዙ ያልፋሉ። ቦዙ ማለት ክብ ክብ፣ ሲነኩት ወረቀት የሚመስለው አበባ ነው፤ ክሩ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀለሙን ይዞ ይቆያል። ለመጀመሪያ ሥራ ከኦርኪድ የተሻለ የለም፤ ወፍራም ስለሆነ የጀማሪ እጅ ይችላል።

የፈካውን ሁሉ መልቀም

ጀማሪ ዛፉ ላይ በጣም ያማረውን ይቆርጣል። ያ አበባ ብዙ ጊዜ ሊጠወልግ የተቃረበ ነው። መቼ እንደሚለቀም ከአበባ አበባ ይለያያል። ፒካኬ፣ ማለትም የዓረብ ጃስሚን፣ የሚፈለገው ገና እምቡጥ ሳለ ነው፤ ጠዋት ተለቅሞ በዕለቱ ይሰካል፣ እንደ ዕንቁ ይደረደራል፣ ማታ ሲከፈት ሽታው ይወጣል። ተከፍቶ ካገኛችሁት ነገ ቡናማ ነው። ፕሉሜሪያ በተቃራኒው ሙሉ በሙሉ መከፈት አለበት፤ ግን በጣት ሲነኩት ጠንከር ያለ፣ ጠርዙ ላይ ቡናማ መስመር የሌለው ይሁን። ቱበሮዝ ዘንጉ ላይ ከታች ወደ ላይ ስለሚከፈት፣ የታችኞቹ ሲፈኩ የላይኞቹን እምቡጦችም አብራችሁ ውሰዱ።

ፑአኬኒኬኒ የራሱ ጠባይ አለው። የመጀመሪያው ቀን ክሬም ነጭ ነው፤ በሚቀጥሉት ቀናት ወደ ቢጫ፣ ከዚያ ወደ ብርቱካናማ ይዞራል። የተለያየ ቀን አበባ ሳያስተውሉ የቀላቀሉ ሰዎች ሌዩ ታመመ ብለው ይደነግጣሉ። ወይ አንድ ቀን የተከፈተውን ብቻ ስኩ፣ ወይ ሆን ብላችሁ ከነጭ ወደ ብርቱካናማ ደርድሩት፤ ሁለተኛው በጣም ያምራል። በነገራችን ላይ ስሙ «ባለ አሥር ሳንቲም አበባ» ማለት ነው፤ ድሮ አንዱ በዚያ ዋጋ ይሸጥ ነበር።

ሽታ ካላቸው ውስጥ ደግሞ አንዱን ብቻ ምረጡ። ፒካኬና ቱበሮዝ ባንድ አንገት ላይ ራስ ምታት ነው።

ወተት ያለውን እንደ ውኃ መቁጠር

የፕሉሜሪያ ግንጣይ ነጭ ወተት ያፈሳል። ለቅማችሁ ወዲያው ከሰካችሁት ክሩ ይጣበቃል፣ ልብስም ይበከላል። ቀዝቃዛ ውኃ ላይ አንሳፍፉት፣ ወተቱ ሲያቆም አንጠፍጥፉት፣ ከዚያ ስኩ። የዘውድ አበባ የሚባለው ባሰ፦ ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ እንደ ቁልቋል ነው፤ የዓይንን ብሌን ይጎዳል። በጓንት ሥሩ፣ ላባችሁን በእጃችሁ አትጥረጉ። የሞኪሃና ፍሬ ደግሞ ባዶ ቆዳን ያቃጥላል፤ ከልብስ በላይ ይደረግ።

ኦሊያንደርን እና ቢጫ ዘመዱን በፍጹም አትጠቀሙ፤ መርዝ ናቸው። ቁልቁል የተንጠለጠለው፣ ትልቅ መለከት የሚመስለው አበባም የአስተናግር ዘመድ ነው። ሌይ አንገት ላይ ይውላል፤ ያጠለቀው ሰው ሕፃን ከታቀፈ ደግሞ ሕፃኑ መጀመሪያ አፉ ውስጥ የሚከተው እሱን ነው።

ለጋውን ቅጠል መምረጥ

ራስ ላይ ለሚደረግ ሌይ ፈርን ሲቆረጥ ዓይን የሚሄደው ወደ አዲሱ፣ ብርሃን አረንጓዴ ወደሆነው ነው። ለጋ ቅጠል ገና አልጠነከረም፤ ከውኃ እንደወጣ ይጠወልጋል። ፓላፓላይም ሆነ ሌላ ፈርን ጠቆር ያለውን፣ ጫፉ ተዘርግቶ ያለቀውን ቁረጡ። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ንከሩት፤ ነፍሳቱም በዚያው ይወጣሉ። አራግፋችሁ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ቆራርጡት። መርፌ የሚመስሉ ቅጠሎች ያሉት አስፓራገስ ፈርን ያጓጓል፤ ግን ሲደርቅ ይረግፋል፣ ፎቶ ሲነሱ ትከሻ ላይ አረንጓዴ ፎረፎር ይታያል።

ቲ የሚባለው ተክል (ሻይ አይደለም) ቅጠል ከጅማቱ ጋር አይታጠፍም፣ ይሰነጠቃል። መካከለኛውን ወፍራም ጅማት ላጡት፣ ከዚያ ቅጠሉን ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት። ሲቀልጥ እንደ ቆዳ ይለሰልሳል። ቀዳዳ ያለው ወይም ጠርዙ የደረቀ ቅጠል ሲጠመዘዝ እዚያው ላይ ይበጠሳል።

ኦሂአ ሌሁዋን መቁረጥ

ሌሁዋ የሚባለው የኦሂአ ዛፍ ቀይ አበባ የትልቁ ደሴት፣ ማለትም የሃዋይ ደሴት፣ ሌይ ነው፤ ሁሉም ይመኘዋል። ተዉት። «ፈጣን የኦሂአ ሞት» የሚባል የፈንገስ በሽታ እዚያ ደሴት ላይ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዛፍ ገድሏል፤ ፈንገሱም የሚገባው በቁስል ነው። ለአንድ ሌይ ብላችሁ የምትቆርጡት ቅርንጫፍ ሁሉ ለእሱ የተከፈተ በር ነው። ቢላውና ጫማው ላይ የቀረው አፈር ወደሚቀጥለው ዛፍ ይወስደዋል። ከዚያ ደሴት ያለ ፈቃድ ማውጣትም ክልክል ነው። የዳንስ ትምህርት ቤቶች እንኳ ሌላ አበባ መጠቀም ጀምረዋል። ቀይ ቦዙ ወይም ቀይ ካርኔሽን በቂ ነው።

ትርጉሙን አለመጠየቅ

የሃላ ፍሬ ጉንጉን ያምራል፣ ግን ቃሉ «ማለፍ» እና «ስህተት» ማለትም ስለሆነ፣ ምርጫ ለሚወዳደር ወይም አዲስ ሥራ ለሚጀምር ሰው አይሰጥም። ለነፍሰ ጡር የተዘጋ ቀለበት አይጠለቅም፤ እትብት አንገት ላይ እንደመጠምጠም ይቆጠራል። ጫፉ ክፍት የሆነውን የማይሌ ሀረግ ስጧት።

መቁጠርና ማስቀመጥ

ለ100 ሴንቲ ሜትር ሌይ ወደ 50 ፕሉሜሪያ ይገባል፤ 60 ልቀሙ፣ መርፌው የሚሰነጥቀው አይጠፋም። የቤት ፍሪጅ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ፕሉሜሪያ እዚያ ይጠቁራል፣ ጥላ ሥር በእርጥብ ፎጣ ይደር። ፒካኬና ቱበሮዝ በእርጥብ ወረቀት ተጠቅልለው ፍሪጅ ይችላሉ። ኦርኪድ በአትክልት መሳቢያው፣ በላስቲክ።

ከሃዋይ ወደ ዋናው አሜሪካ የምትበሩ ከሆነ፣ የብርቱካን ወገን የሆነ ማንኛውም አበባ፣ ቅጠል ወይም ፍሬ ያለበት ሌይ የእርሻ ፍተሻው ላይ ይቀራል። ጄድ ቫይን የሚባለው አረንጓዴ ሰማያዊ አበባም እንዲሁ። ሞኪሃናም የብርቱካን ዘመድ ነው፤ እዚያው አድርጋችሁት እዚያው ተዉት።